ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት

ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሲግናል ባለው ቢሯችን ሁለተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤቱ ክፍል ውስጥ የተገኘነው አምስት ሰዎች ነበርን። የኮምፒውተር ባለሙያው ሳምሶን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጃችን ሕሊና ከጀርባው እጆቿን አጣምራ ቆማለች። የሽያጭ ኃላፊው አቶ ታደለ መስኮቱን ተደግፈው ቆመዋል። ከእንጦጦ የወረደችው የማጣሪያችን ኃላፊ ብርቄ አንድ እግሯን ክፍሉ ውስጥ፣ አንድ እግሯን ኮሪደሩ ላይ አድርጋ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ተቀመጪ ብንላት እምቢ ብላ ነው። እኔ ከፋይል መደርደሪያዎቹ አጠገብ የገቢ ደብዳቤ መዝገቡን ከፍቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ ቆሜያለሁ። ያለ ፈቃድ የቀረ የለም። አቶ መኮንን አልተጋበዙም፤ ምክንያቱ ወደፊት ይነገራል።

አቋቋማችንን እንዲህ የምዘረዝረው ቃለ ጉባኤ መያዝ ስለለመደብኝ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ ወጣሁ። በወጣሁ በሁለተኛው ወር የሕሊና አባት አቶ ዘሪሁን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ለስድስት ወር ብቻ መጥቼ የድርጅታቸውን ፋይል መልክ እንዳስይዝላቸው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ፋይሉ መልክ ይዟል። ስድስቱ ወር ማለቁን ግን እስካሁን በጽሑፍ የገለጸልኝ የለም፤ በቃል የተነገረን ነገር ደግሞ እኔ አልቀበልም።

ሥራችን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ማውጣት ነው። ቅጠሉ ተራራው ላይ በትልቅ በርሜል ይቀቀላል፤ እንፋሎቱ በቱቦ ሄዶ ሲቀዘቅዝ ዘይት ይሆናል፤ ዘይቱ በጀሪካን ሆኖ ወደ ሲግናል ይወርዳል። ቢሯችን የሚገባ እንግዳ ሁሉ አፍንጫው እንደተከፈተለት ይነግረናል። እኛ ግን ሽታውን ከረሳነው ቆይተናል። ሰው ታክሲ ውስጥ ዘወር ብሎ ሲያየኝ ነው ከሥራ እየተመለስኩ መሆኔ ትዝ የሚለኝ።

አቶ ዘሪሁን ድርጅቱን ያቋቋሙት ከባለቤታቸው ወንድም ከአቶ መኮንን ጋር ነበር። የድርጅቱም ስም ከሁለቱ ስም ተቀጣጥሎ የተሠራ ነበር። አቶ ዘሪሁን ካረፉ በኋላ አጎትና የእህት ልጅ ሁለት ዓመት አብረው ለመሥራት ሞከሩና አልሆነላቸውም፤ በሽማግሌ ተለያዩ። ማጣሪያው፣ ቢሮውና ዕቃው ለሕሊና፣ ስሙ ለአቶ መኮንን ሆነ። ሽማግሌዎቹ ስም ማለት በር ላይ የተሰቀለው ታፔላ ብቻ መስሏቸው ነበር። እኛም እንደዚያው መስሎን ታፔላውን አወረድን፣ አቧራውን ጠረግንና በክብር ሲ.ኤም.ሲ ወዳለው አዲሱ ቢሯቸው ላክንላቸው። በሳምንቱ ደብዳቤዎቻችንም ታፔላውን ተከትለው ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢሜይል አድራሻ ሁለት ወገን አለው። ከ@ ምልክቱ በፊት ያለው የሰውዬው ስም ነው፤ ከምልክቱ በኋላ ያለው የቤቱ ስም ነው፣ እሱን ዶሜይን ይሉታል። እኛ የቤቱን ስም ፈርመን አስረክበን፣ ሰዎቹ ግን እዚያው እንኖራለን ብለን ተቀምጠን ነበር። ደንበኞቻችን እንደለመዱት በድሮው አድራሻ ይጽፉልናል፤ ደብዳቤው ሲ.ኤም.ሲ ይገባል፤ እኛ መልስ አንሰጥም፤ ደንበኞቹም ይቀየማሉ። በዚህ ዓይነት ትእዛዝ ጠፋ። ተራራው ላይ እሳቱ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር፤ ከብርቄ ጋር ቅጠል የሚለቅሙት ሴቶችም ቤታቸው ተቀመጡ።

አቶ መኮንን ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ማሸነፍ ደስ ይላቸዋል። አንድ ቀን ስልክ ደወሉልኝና ትልቅ ደብዳቤ እንደመጣልን፣ በስልክ ላንብብልዎት ወይ ብለው ጠየቁኝ። ድምፃቸው ልጁን እንደዳረ ሰው የፈካ ነበር። ደብዳቤ በስልክ እንደማልቀበል ነገርኳቸው። አሳትመው በሰው ላኩልኝ፤ ጨዋነታቸውን አልክድም።

ደብዳቤው ባሕር ማዶ ሳሙና ከሚሠራ ድርጅት የመጣ ነው። ኢንግሪድ የምትባል የግዢ ኃላፊ ዓመቱን ሙሉ ዘይታችንን ለመውሰድ ትፈልጋለች። የጥራት ማረጋገጫውንና የዋጋ ደብዳቤውን እስከ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር እስከ አሥር ሰዓት፣ እንድንልክላት ትጠይቃለች። ሕሊና ወዲያው ደወለችላትና አድራሻችን መለወጡን ነግራ፣ ከግል ኢሜይሏ ልትልክላት ፈለገች። ሴትዮዋ እምቢ አለች። ከዚህ በፊት ማንም ሰው በነፃ ከሚከፍተው አድራሻ የጻፈላቸው አንድ ሰው አታሏቸዋል። ስለዚህ ሰነድ የሚቀበሉት ከድርጅቱ ከራሱ አድራሻ የተላከ ከሆነ ብቻ ነው። ያ ካልሆነ ቀድሞ በምታውቀው አድራሻ እንደምትዋዋል ተናገረች። ቀድሞ የምታውቀው አድራሻ ማለት አቶ መኮንን ናቸው። እሳቸውም ዘይት ከሌላ ቦታ ገዝተው ማቅረብ አያቅታቸውም።

ሕሊና ስልኩን ዘጋች። ይህ ትእዛዝ ካመለጣት ማጣሪያውን ለመሸጥ እንደምትገደድ ከዚያ በፊት ነግራኛለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ ኢንግሪድን ሳላያት ወደድኳት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ዓይነት ሰው ስፈልግ ኖሬያለሁ።

ሰኞ ዕለት ሳምሶን መጣ። ሳምሶን አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ አያት ሰፈር የሚኖር ሰው ነው፤ በባቡር መገናኛ ድረስ፣ ከዚያ በታክሲ ይመጣል። ሰው ሁሉ ኢንጂነር ይለዋል። የማንኛውም ችግር መልሱ "ኖ ፕሮብሌም" ነው። ከደረጃው ሥር አቶ ዘሪሁን የገዙት ሰርቨር፣ ማለት የመሥሪያ ቤቱ ዋና ኮምፒውተር፣ አለ፤ መጠኑ የትንሽ ልጅ አልጋ ያህላል፣ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው። ሳምሶን አዲስ ዶሜይን አስመዘገበልንና በዚያው ሰርቨር ላይ የኢሜይል አገልግሎት እንደሚተክል ነገረን።

የሰርቨሩ ስም ግን አሁንም የድሮው የድርጅቱ ስም ነበር። ስሙን እንዲለውጠው ብጠይቀው፣ ስሙ ከተነካ ማተሚያውም፣ የመጋዘኑ መዝገብም፣ የሁላችን መግቢያም እንደሚበላሽ አስረዳኝ። ስለዚህ ሰርቨሩ በድሮ ስሙ ይቀመጣል፣ ደብዳቤው በአዲሱ ዶሜይን ይወጣል፤ በዓለም ላይ የተለመደ አሠራር ነው። የአንዱ ቤት ደብዳቤ በሌላው ቤት ሰው እጅ ይወጣል ማለት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና ኖ ፕሮብሌም አለኝ። በማላውቀው ነገር አልከራከርም። የተናገረውን ከነቀኑ ጻፍኩና ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ነገር አይኖርም ነበር። ነገር ግን ደብዳቤ በሚባል ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። ደብዳቤ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ ማህተም አለው፣ ግርጌው ላይ ደግሞ ግልባጭ አለው። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጨዋታ ነው። በመንግሥት ሥራዬ ዘመን አንድ ጊዜ ለክፍላችን አንድ አምፖል እንዲሰጠን ጽፈን ለአሥራ አራት ክፍሎች ግልባጭ አድርገናል። አምፖሉ አልመጣም፤ ጨለማ ውስጥ መሆናችንን ግን አሥራ አራት ክፍሎች በይፋ አወቁ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በኋላ ኮሪደር ላይ ሲያገኙን ያዝኑልን ነበር።

ስለዚህ ሳምሶንን አንድ ነገር ለመንኩት። ወደ መዝገብ ቤቱ አድራሻ ደብዳቤ በገባ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ወዲያውኑ "ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ ተመዝግቧል" ብሎ ይመልስ፤ ለሚመለከታቸው ክፍሎችም ግልባጭ ያድርግ። ሳምሶን በአምስት ደቂቃ ሠራው። ከታች ክቡ ማህተማችንን ሳይቀር በሥዕል አስገባበት፤ ሐምራዊ ቀለሙ እንኳን የእኛው ነበር። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ከወትሮው ቀጥ ብዬ ሳልሄድ አልቀረሁም።

አቶ ታደለ ይህን ሰሙ። መዝገብ ቤት "ደርሶናል" እያለ ሽያጭ ክፍል ዝም የሚልበት ምክንያት ምን እንደሆነ ሕሊናን ጠየቁ። ለእሳቸውም ተሠራላቸው። መጋዘኑ ቀጠለ፣ ጥራት ቁጥጥሩ ቀጠለ፣ ሒሳብ ክፍሉ ቀጠለ። ዘጠኝ ሰዎች ነን፤ "ደርሶናል" የሚል አድራሻ ሰባት ሆነ። እያንዳንዱ ለሌሎቹ ሁሉ ግልባጭ ያደርጋል። የግልባጩን ዝርዝር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ሕሊና ፈረመችበት፣ እኔ ማህተም አደረግኩበት። ዝርዝሩ ላይ "ለምክትል ሥራ አስኪያጅ" የሚልም ነበረበት። ይህ አቶ መኮንን ናቸው። እንዲወጡ የሚል ደብዳቤ ስላልደረሰኝ አላወጣኋቸውም። ማንንም ሰው በራሴ ሥልጣን ከግልባጭ አውጥቼ አላውቅም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቶ ታደለ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፉ። "ሙከራ" የምትል አንዲት ቃል ናት። መዝገብ ቤት ደርሶናል አለ፣ ለስድስት ክፍሎች ግልባጭ አደረገ። ስድስቱ ክፍሎች ግልባጩ ስለደረሳቸው ደርሶናል አሉ፣ እርስ በርሳቸውም ግልባጭ ተደራረጉ። የደርሶናሉ ግልባጭ ስለደረሳቸው ደግሞ ደርሶናል አሉ።

እኔ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ደብዳቤ ገብቶልን አያውቅም። መዝገቤን ከፈትኩና እያንዳንዱን በቁጥር መመዝገብ ጀመርኩ። አርባኛው ላይ ስደርስ ገንዘብ ያዧን ጠራሁና እሷ እያነበበች እኔ እጽፍ ጀመር። የጉዳዩ ርዕስ እየረዘመ ሄደ፤ "ደርሶናል፣ ደርሶናል፣ ደርሶናል፣ ሙከራ" ሆኖ አንድ መስመር አልበቃው አለ። ለሁለት ዓመት ይበቃኛል ብዬ ያስመጣሁት መዝገብ አራት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። አዲስ መዝገብ ላመጣ ስነሳ አቶ ታደለ በኮሪደሩ ሲያልፉ ሽያጭ ክፍል ዛሬ ሥራ እንደበዛበት እየነገሩኝ አለፉ። ሁለታችንም ኩራት ተሰምቶን ነበር።

ከዚያ ስልኬ ጮኸ። አቶ መኮንን ናቸው። ሰላምታ እንኳን አላስቀደሙም።

"እትዬ፣" አሉኝ፣ "ደርሶኛል።"

ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ዘጉት። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ።

ሳምሶን ከታክሲ ወርዶ ሲሮጥ መጣ። ደረጃው ሥር ገባ፤ ሰርቨሩ እንደ አውሮፕላን ያጓራ ነበር። የሚነካካው ቁልፍ ሁሉ እምቢ ሲለው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀለ። ቢሮው ጸጥ አለ። ላቡን እየጠረገ ቀና ሲል ኖ ፕሮብሌም ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳምሶን ሠሪ ነው፣ ሕሊና ፈራሚ ናት፤ አሳቢዋ እኔ ነኝ። ጥፋቱም በዚያ አልቆመም። በዓለም ላይ አላስፈላጊ ደብዳቤ የሚረጩ ሰዎች ስም የሚሰፍርበት መጥፎ ዝርዝር አለ። ሁለት ቀን ያልሞላው አዲሱ ስማችን፣ ለአቶ መኮንን በጎረፈው ግልባጭ ምክንያት፣ እዚያ ላይ ገባ። ሳምሶን ይህን ሲነግረን ሕሊና ቢሮዋ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት፣ ከዝርዝሩ ለመውጣት ለጠባቂዎቹ ማመልከቻ መጻፍ እንዳለበት ሳምሶን ነገረኝ። በእንግሊዝኛ ሁለት መስመር ሞነጫጭሮ ሊልክ ሲል ያዝኩት። የይቅርታ ደብዳቤ አጻጻፍ ከሆነ እኔ አውቃለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ሳይቀንሱ መናገር፣ ቀጥሎ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መናገር፣ ቀጥሎ ምን እንደተደረገ መናገር፣ መለመን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። በአማርኛ አጻፍኩት፤ እሱ ተረጎመው። "ስሕተቱ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ሰባቱም መልስ ሰጪዎች ተነስተዋል" የሚለውን ሊዘለው ፈልጎ ነበር፤ አልፈቀድኩለትም። ከቀትር በኋላ ስማችን ከዝርዝሩ ወጣ። ሳምሶን እንዲህ ቶሎ ሲወጣ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። የማመልከቻውን ቅጂ በጥሩ ፋይል አስቀምጬዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት የኢንግሪድን ሰነድ ላክን። ደቂቃ ሳይሞላ ተመለሰ። እንደገና ላክን፤ ተመለሰ። እስከ ቀትር ስድስት ጊዜ ላክን፣ ስድስቴ ተመለሰ። ሳምሶን የተመለሰውን ደብዳቤ የመጀመሪያ መስመር ብቻ እያየ ያጠፋውና እንደገና ይልካል። ጊዜያዊ ችግር ነው፣ ሲደጋገም ይገባል ይላል። እኔ ከጀርባው ቆሜ ሳየው ደሜ ፈላ። ለመሥሪያ ቤታችን የተጻፈ ደብዳቤ መጥቶ ሳይነበብ ይጣላል። ለአንድ ሰው መልስ ተጽፎለት ካላነበበ፣ ምን ይሁንለት ብሎ ነው ደግሞ የሚጽፈው? የጠፉትን ከመጣያው አውጥቶ ስድስቱንም እንዲያትምልኝ አዘዝኩት። አንድ ዓይነት መሆናቸውን እየነገረኝ አተመልኝ። ገቢ የሚል ማህተም አደረግኩባቸው፤ ቁጥር ሰጠኋቸው።

ወዲያው መብራት ጠፋ። ሳምሶን ስልኩን ይዞ ወደ ታች ወረደ፣ አቶ ታደለም ተከተሉት። እኔ ስድስቱን ወረቀትና መዝገበ ቃላቴን ይዤ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እንግሊዝኛዬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። ነገር ግን ያስተማሩን መምህር አንድን ምንባብ ሰባት ጊዜ ሳናነብ ጥያቄ እንድንመልስ አይፈቅዱልንም ነበር። ሰባት ጊዜ አነበብኩ። ከላይ ያለው ወቀሳ ነው፣ መካከሉ ቁጥር ነው። ከታች፣ ማንም ዓይኑ የማይደርስበት ቦታ፣ ምክንያቱ ተጽፏል። ቃል በቃል ባልይዘውም እንዲህ ይላል፦ ይህን ደብዳቤ ያመጣልኝ ራሱን በዚህ ስም ያስተዋውቃል፤ ደብዳቤው የዚያኛው ቤት ነው ይላል፤ ያኛው ቤት ግን ይህ ሰው ስለ እኔ ይናገር ብሎ አልፈቀደም።

መዝገበ ቃላቱን ዘጋሁት። ይህን ነገር ከወጣትነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

መሥሪያ ቤት ሳለሁ የሰው ፋይል ሊወስድ የሚመጣ ብዙ ነው። ወንድሙ ነኝ ይላል፣ ባሏ ነኝ ይላል፣ መታወቂያውን ያወጣል። መታወቂያው ትክክል ነው፤ ሰውዬው ውሸታም አይደለም። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፤ ውክልና አለህ ወይ? ውክልና ካለው፣ ስሙ ከፋይሉ ስም ጋር ባይገናኝም አስፈርሜ እሰጠዋለሁ። ከሌለው የገዛ እናቱን ፋይል አልሰጠውም። ብዙ ሰው ረግሞኛል። ያ ባሕር ማዶ ያለው ሰርቨር ስድስት ጊዜ የመለሰብን ክፉ ሆኖ አይደለም። እኔ እዚያ ተቀምጬ ብሆን እኔም ስድስቴ እመልሰው ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሳምሶን ገና ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ወረቀቶቹን ፊቱ አደረግኩለት። አንደኛዋን አየና የሰርቨሩ ስም መለየት ምንም ችግር እንደሌለው ሊያስረዳኝ ጀመረ።

"ስሙን አይደለም የምልህ፣" አልኩት። "ውክልናው የታለ?"

"የምን ውክልና እማማ?"

"አዲሱ ዶሜይን፣ ይህ ሰርቨር በስሜ ደብዳቤ ያውጣልኝ ብሎ የጻፈው።"

ቦርሳውን አስቀመጠ። ከዚያ እንዲህ ዓይነት ነገር በእርግጥ እንዳለ፣ ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችል ቦታ እንደሚጻፍ፣ እሱም ሰኞ ዕለት እንደሞላው ነገረኝ። እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። ሌላ ገጽ ከፈተ፤ ረጅም የቁጥር መስመር ነበረበት፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱ መለያ ቁጥር አለው።

"ይኸው፣ አለ።"

"ማንን ነው የወከለው?"

ሊመልስልኝ አፉን ከፈተ፤ ቁጥሩን እንደገና አየው። ስልኩን አውጥቶ ቁጥሩን ከሌላ ቁጥር ጋር አስተያየ። ራሱን አከከ። ሕሊናም አቶ ታደለም በዚህ መካከል ገብተው ነበር። ሳምሶን ከመጫኑ በፊት ነገሩን ቤቱ ባለው ኮምፒውተር ሞክሮት ኖሯል። ውክልናውንም ለዚያ ኮምፒውተር ጽፎ፣ ሳይለውጠው ረስቶታል። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ድርጅታችን ለዓለም ሁሉ ሲያውጅ የሰነበተው፣ የእኛ ሕጋዊ ደብዳቤ የሚወጣው አያት፣ ከሳምሶን መኝታ ቤት ብቻ መሆኑን ነው።

አቶ ታደለ ደንበኞችን ወደዚያ እንልካቸው እንደሆነ፣ የመኪና ማቆሚያም አለው ወይ ብለው ጠየቁት። ሳምሶን እንኳን ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ወንበሩን ለቀቀና፣ ቁጥሩን ሲለውጠው አጠገቡ ሆኜ እንዳነብለት ለመነኝ። አነበብኩለት፤ ጻፈ፤ መልሶ አነበበልኝ። ሁለት ሰው ሳያመሳክር ከእኔ ክፍል ወረቀት ወጥቶ አያውቅም። የሰርቨሩን ስም አልነካነውም። የድሮ ስሙን እንደያዘ ውክልናው ተሰጠው።

ነገር ግን ለውጡ በዓለም ላይ እስኪዳረስ ሰዓታት እንደሚወስድ ሳምሶን ነገረን። ሁለት ሊሆን ይችላል፣ ስምንትም ሊሆን ይችላል። ቶሎ ብንልክ በድሮው መረጃ እንደገና ይመልሱናል። መጠበቅ ነበረብን። ምሳ የበላ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብርቄ ስምንት ሰዓት ላይ ከተራራው ወርዳ መጣች። ሴቶቹ ቅዳሜ ለሥራ ይውጡ ወይስ ሌላ ሥራ ይፈልጉ ብለው እንደላኳት ነገረችን። ከሴቶቹ ሁለቱ ቀን ሥራ ሊገቡ ከሌላ ሰው ጋር ተነጋግረዋል።

እሷ ገና ተናግራ ሳትጨርስ አቶ መኮንን ለሕሊና ደወሉላት። ድምፁን ከፍ አድርጋው ስለነበር ሁላችንም ሰማን። ሰዓቱ እየሄደ እንደሆነ፣ በእሳቸው አድራሻ በኩል በአንድ ደቂቃ ሊልኩላት እንደሚችሉ፣ ዘይቱንም አብረው እንደሚያቀርቡ፣ ይህ ግትርነት ለማንም እንደማይጠቅም ነገሯት። በደንብ ተናገሩ፤ ቁጣም አልነበረባቸው። ሕሊና እኔን አየችኝ። እኔ ቁልቁል መዝገቤን አየሁ፤ ይህ የመዝገብ ቤት ጉዳይ አይደለም።

"ጋሼ፣" አለቻቸው፣ "አመሰግናለሁ። ደረሰም አልደረሰም፣ በራሳችን ስም ነው የምልከው።"

አቶ መኮንን እሺ ልጄ ብለው ዘጉ። አባቷም ልክ እንደዚህ ነበሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆነ፤ በመግቢያዬ እንደዘረዘርኩት ቆምን። ሳምሶን ደብዳቤውን ከፈተ። ወጪ ቁጥሩንና ቀኑን ነገርኩት፤ ጻፈው። ሁለቱ ሰነዶች መግባታቸውን አረጋገጥኩ። ሕሊና ለራሷም በማይሰማት ድምፅ ላከው አለችው። ላከው።

እስከዚያ ድረስ የተመለሱት ሁሉ ደቂቃ ሳይሞላቸው ነበር የተመለሱት። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት ደቂቃ አለፈ። አቶ ታደለ ሰዓታቸውን አውልቀው እጃቸው ላይ ያዙት። አምስት ደቂቃ ሲሆን ሳምሶን፣ ደብዳቤው አልተመለሰም፣ ገብቷል አለ። መግባቱ ብቻ አይበቃም፤ በእኔ ሥራ የደረሰ ደብዳቤ የሚባለው ተቀባዩ ደረሰኝ ያለው ነው። እንዲህ ብዬ ሰውን ማሸበር ስላልፈለግኩ ለራሴ ያዝኩት። ከታች የታክሲ ረዳት መገናኛ እያለ ሲጣራ ይሰማል። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። አሥር ጉዳይ ሆነ። ብርቄ በሩን የያዘችበትን እጅ ቀየረች።

ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒውተሩ ድምፅ ሰጠ። ሳምሶን አላነበበውም፤ ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ለሕሊና ቦታ ለቀቀላት። ጎንበስ ብላ በዓይኗ አነበበችው። ሁለት ጊዜ ያነበበችው ይመስለኛል፤ ቆይታለች። ከዚያ ሰነዱ ሙሉ ሆኖ እንደደረሳቸው፣ የዓመቱ ውል ለእኛ መሆኑን፣ የመጀመሪያው ጭነት በወሩ መጨረሻ እንዲነሳ መጻፏን ነገረችን። ስትጨርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አቶ ታደለ ራመድ ብለው ቦታ ሰጧት። ሳምሶን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርግ ነበር።

እኔ መዝገቡ ላይ ቁጥሩን ጻፍኩ። ቀኑን ጻፍኩ። ላኪ በሚለው ሥር የኢንግሪድን ድርጅት፣ ጉዳዩ በሚለው ሥር የዘይት ትእዛዝ ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፉ እንደወትሮው ቀጥ ያለ ነው፤ ያየ ሁሉ ሊመሰክር ይችላል።

ብርቄ ከበሩ ሆና አንዴ ሕሊናን፣ አንዴ እኔን አየች።

"እትዬ፣ እንግዲህ ለሴቶቹ ምን ልበላቸው?"

ሕሊና እንድትመልስላት ጠበቅኩ። ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ ትከሻዋን አየሁና እኔ መለስኩላት።

"ነገ በጠዋት እሳቱን አንድዱት።"

እስክሪብቶዬን ከደንኩ፣ መዝገቡን ዘጋሁ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ።